ከቀዩ መስመር በታች

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጫለሁ። ወንበሩ እንኳ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ እኔ ግን ያው ነኝ። መሥሪያ ቤታችንም በእነዚህ ዓመታት አምስት ስም አውጥቷል። ስቀጠር ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ከዚያ መምሪያ ሆነ፤ ከዚያ ኤጀንሲ፤ ከዚያ ባለሥልጣን፤ አሁን ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ስሙ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ አዲስ ማህተም ይቀረጻል፣ አዲስ ኃላፊ ይመጣና አዳራሽ ሰብስቦን «ካሁን በኋላ አሠራራችን ከሥር መሠረቱ ይለወጣል» ይለናል። እኛም እናጨበጭባለን። በእኛ መሥሪያ ቤት የበለጸገ ሰው ስም ጥሪ ብባል ታፔላ ጸሐፊውን ነው የምጠራው፤ እሱ ፎቅ ሠርቷል።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ሰው የመሥሪያ ቦታ ፈልጎ ሲያመለክት ስሙን፣ ሙያውንና የመጣበትን ቀን በተራ ቁጥር እጽፋለሁ። ይህን ያህል የሚያስኮራ ሥራ አይደለም፤ መጻፍ የቻለ ሁሉ ይሠራዋል። ግን አንድ ነገር አለው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ ከመጨረሻው ስም በታች የቀረውን ባዶ ቦታ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ባዶ መስመር ከተውኩ ጠዋት ስመጣ የአንዱ ባለሥልጣን የአክስት ልጅ ገብቶበት አገኘዋለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ከእኔ በፊት እዚያ የነበረችው ሴትዮ ናት፤ እሷ ከማን እንደተማረችው እንጃ። ደንብ ላይ አልተጻፈም፣ መመሪያም የለውም። ያም ሆኖ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ማንም ገብቶ አያውቅም። የአንድ ኃላፊ ሚስት ሳትቀር ነገ ይምጡ ተብላ ተመልሳለች።

ፊት ለፊቴ እትዬ ይሉኛል፤ ዞር ስል «ቀይ መስመር» ነው ስሜ። እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እነሱም ማወቄን ያውቃሉ፤ ተቻችለን እንኖራለን።

ታናሽ ወንድም አለኝ፤ አናጺ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ትንሽ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶም ለእኔ ያው ልጅ ነው። እጁ የተባረከ ነው። እሱ የገጠመው በር ክረምት ከበጋ አያብጥም፣ አይጣመምም። ነገር ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ግቢ ለውጧል። አንዱ አከራይ «ልሸጠው ነው» ይለዋል፤ ሌላው «የመጋዝህ ጩኸት ራሴን አዞረው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ምክንያት እንኳ አይሰጠውም። ወንድሜም ከዚህ ተነስቶ ለራሱ አንድ ሕግ አወጣ፤ በጋሪ የማይሄድ ማሽን አይገዛም። መጋዙም መላጊያውም ትንንሽ ነው፣ ሁሉም ተነቅሎ ጋሪ ላይ ይወጣል። የትምህርት ቤት ዴስክ በመቶ ቁጥር ይሠራልን ብለው ሲመጡበት «በዚህ መጋዝ አልወጣውም» ብሎ ይመልሳል። ትልቁ መጋዝ ኮንክሪት ላይ በብሎን ነው የሚታሰረው። በሰው ግቢ ኮንክሪት የሚያፈስ ሞኝ ደግሞ የት ይገኛል? ሦስት ሠራተኞች አሉት፤ አሥራ አምስት ሊኖሩት ይችሉ ነበር።

ከተማው ሙሉ እንዲሁ ነው። ብረት ሠሪውም ጫማ ሠሪውም ዕቃውን እንደ መንገደኛ ጓዝ ሰብስቦ ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ከላይ የመጣ ባለሙያ «ከተማችሁ ለምን አላደገችም?» በሚል ርዕስ ሙሉ ቀን ሲያስተምረን ዋለ። ግድግዳው ላይ ቀስት አወጣ፣ ቀስት አወረደ። የሚለው ነገር ስህተት አልነበረም፤ ተቋም፣ ሕግ፣ የረጅም ጊዜ ዋስትና እያለ ነው የዋለው። እኔ ከኋላ ወንበር ጉልበቴን እያሸሁ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር ዕቃ ቢያመላልስ ይህን ሁሉ ቀስት ባልደከመበት ነበር እያልኩ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ከከተማው ዳር ለባለሙያዎች የመሥሪያ ቦታ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ወጣ። የሃያ ዓመት ውል፤ ማንም ተነስቶ ውጣ የማይልበት። የቦታው ብዛት አልተገለጸም፤ የተገለጸው ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ እንደሚያገኝ ነበር። ለወንድሜ የነገርኩት እንደ ማንም ሰው ማስታወቂያው በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። እሱም የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ሲሯሯጥ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀበት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አምሳ ስድስተኛውን ሰው ጻፍኩ። ከዚያ አዳራሹ ጭር አለ። ጉልበቴ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠዘጥዘኝ ነው የዋለው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ከደረስኩ ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ካመለጠኝ ግን እስከ ቤቴ ቆሜ ነው። በሩን አየሁ፤ ማንም የለም። ገጹ ላይ አራት መስመር ቀርቷል። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ላይ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁና አሰመርኩ።

መዝገቡን ዘግቼ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ወንድሜ ሱሪው ሰጋቱራ እንደለበሰ፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ፣ እያለከለከ ከተፍ አለ።

«እታለሜ፣ ደረስኩ?»

«ተዘግቷል። ነገ ጠዋት ና።»

እንዴት አፌ እሺ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልማድ ነው መሰለኝ። ከመስመሩ በታች አይገባም ስል ኖሬ ሰዓቱ ገና ነው የሚል ሐሳብ ወደ ምላሴ ሳይደርስ ቃሉ ወጣ። እሱም ስልኩን አውጥቶ እንኳ ሰዓት አላየም። እህቱ ተዘግቷል ካለች ተዘግቷል ማለት ነው። «ወይ እኔ! መቼም አንድ ቀን በጊዜው ደርሼ አላውቅ» ብሎ ራሱን ወቀሰና ተመለሰ። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ሄድኩ።

በማግሥቱ ለደንበኛው መስኮት የሚገጥምበት ቀጠሮ ስለነበረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው የመጣው። ከእሱ በፊት አራት ሰዎች ተመዝግበው ነበር፤ ፍራሽ ሰፊዋ፣ ጫማ ሠሪው፣ በያጁና መስታወት ቆራጩ። ወንድሜን ስልሳ አንድ ብዬ ጻፍኩት፣ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀትም ሰጠሁት። ያን ጊዜ ስልሳ አንድ ማለት ስልሳ አንድ ብቻ ነበር። ከእሱ በኋላ ሁለት መቶ ሰው ተመዝግቧል።

እንግዲህ በእኛ አገር ሦስት ዓመት ለአንድ ጉዳይ ብዙ አይደለም። ቀያሾች መጡ፣ ሄዱ፣ ሌሎች ቀያሾች መጡ። በመሃል ስማችን ተለወጠ፣ ታፔላ ጸሐፊው መጣ። በመጨረሻ ባለፈው ወር ቦታው ተሸንሽኖ አለቀና ውጤቱ መጣ። ስልሳ ቦታ ብቻ።

ቁጥሩን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ብዙ ቆየሁ። የሚያመኝ ጉልበቴ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቦታ ሆነ።

እሑድ ዕለት የወንድሜ ሚስት ቤቴ መጣች። ዳቦና ሻይ አቀረብኩላት፤ ዳቦውን አልነካችውም። ሴትዮዋ የምትለምን ሰው አይደለችም፤ ከመጣች ነገሩ ጠንቷል ማለት ነው።

«እትዬ፣ አከራዩ በዚህ ሳምንት ልቀቁ ብሎናል» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«እሱ ደግሞ ሌሊት እየባነነ ያወራል። ‹አምስት ደቂቃ ቀድሜ ብወጣ› ይላል። ሦስት ዓመት አልፎ! ያን ቀን ሙጫ እስኪደርቅ ብሎ መቆየቱን እንደ ወንጀል ነው የያዘው።»

ሻዬን አማሰልኩ። ስኳር አልጨመርኩበትም፤ ዝም ብዬ ነው የማማስለው።

«በአንድ ሰው ነው እኮ ያመለጠው» አለች ቀጥላ። «አንድ ሰው ብቻ! ሌላው ቢሆን ለወንድሙ ስንቱን ያደርጋል። እርስዎ ግን…» ብላ አቆመች።

«እኔ ግን ምን?»

«እርስዎ ግን እርስዎ ነዎት» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «እሱ እንደመጣሁ አያውቅም፤ እንዳይነግሩት» አለችኝ።

መስመር መስመር ነው ልላት ፈልጌ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። ያሰመርኩት እኔ፣ ያለ ሰዓቱ ያሰመርኩት እኔ፣ ሌላው ራሱን ሲወቅስ እያየሁ ሆድ ይፍጀው ያልኩት እኔ። ማክሰኞ እነግረዋለሁ አልኩ። ማክሰኞ አልነገርኩትም።

ረቡዕ ዕለት ኃላፊው አስጠራኝ። እኔ ከሸኘኋቸው ሰባት ኃላፊዎች በኋላ የመጣ ስምንተኛ ነው፤ ልጅ እግር ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። ሠራተኛው «ለጊዜው» ብሎታል። ምን ብትጠይቀው መልሱ በለጊዜው ይጀምራል፤ ለጊዜው አንድ ወንበር ተካፍላችሁ ተጠቀሙ፣ ለጊዜው ያለ ወረቀት ሥሩ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ገብቼ ስቀመጥ ጠረጴዛው ላይ የዘበኛው የመግቢያ ደብተር ተከፍቶ አየሁ። ዘበኛችን ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በየጠዋቱ ሰዓቱን ከሬዲዮ ጋር እያስተያየ ይሞላል፤ በር ላይ የገባውንም የወጣውንም ከነደቂቃው ይጽፋል። ለምን እንደሚጽፈው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። ደብተሩንም ማንም አንብቦት አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ።

«እትዬ፣ ይችን ይመልከቱልኝ» አለኝ። ጣቱ የወንድሜ ስም ላይ ነበር። የገባበት ሰዓት፤ ለአሥራ አንድ አሥራ አንድ ጉዳይ።

ደብተሩን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ሰውየው በሥራ ሰዓት ነው የመጣው። መዝገቡ ላይ ግን የለም፤ በማግሥቱ ነው ያለው። ገጹ ቀድሞ ተዘግቷል ማለት ነው አይደል?»

«አዎ» አልኩ። «ቀድሜ ዘግቼዋለሁ።»

ይህን ቃል ሦስት ዓመት ደብቄው ኖሬ፣ መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሱ ሆነ። ለዚህ ደግሞ እስከ ዛሬ ራሴን አልወደውም።

ፊቱ በራ። «እንግዲያው ችግሩ ቀላል ነው! ስህተት ተገኝቷል፤ ስህተት ይታረማል። እርስዎ ‹ገጹን በስህተት ቀድሜ ዘግቼ ባለጉዳይ ተጎድቷል› ብለው አጭር ማስታወሻ ይጽፉልኛል። እኔ አጸድቃለሁ። መስመሩ ይሰረዛል። ወንድምዎ አምሳ ሰባተኛ ይሆናሉ። እሳቸውም እኮ መብታቸው ነው፤ የማንንም አልነካን።»

«ከመስመሩ በታች አራት ቦታ ነው ያለው» አልኩት። «ሦስቱስ?»

«ሦስቱ…» አለና እስክሪብቶውን አገላበጠ። «ሌሎችም ያን ቀን መጥተው የተመለሱ አሉ። ስማቸው እኔ ጋ አለ። ለጊዜው ክፍት ይሁኑ።»

«በዘበኛው ደብተር አሉ?»

ፈገግ አለ። «ዘበኛው ሁሉንም ላይጽፍ ይችላል።»

እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም። ተነስቼ በሩን ድርግም አድርጌ አልወጣሁም። እንዲያውም ተደራደርኩ። «ወንድሜን ብቻ ላስገባ፤ ከሥሩ ያለውን ሦስት መስመር እዚሁ ፊትዎ በቀይ ልዝጋው» አልኩት። ትክክል ነበርኩ፤ አንድ ሰው በጊዜው መጥቷል፣ አንድ ሰው ይገባል። መስታወት ቆራጩ ከስልሳ ወደ ስልሳ አንድ ይወርዳል፤ ነገሩ ያሳዝናል፣ ግን እውነቱ ያ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ለወንድምዎ ብቻ ከከፈቱት ለወንድሟ ከፈተች ነው የሚባለው። ሌሎች አብረው ሲገቡ ግን እርማት ይሆናል። ለእርስዎም ነው የማስበው። ዝርዝሩ ዓርብ ይለጠፋል፤ እስከ ነገ ይጻፉልኝ። ያለ እርስዎ ማስታወሻ መዝገቡን ማንም ሊነካው አይችልም፤ ሰዉ ሁሉ ቁጥሩን በእጁ ይዟል።» ቀጥሎም በጣም በትህትና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሁሉም ቦታ ያገኛል» ብሎ ሸኘኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ግን ንዴቴ በእሱ ላይ አልነበረም። ሰውየው ባዶ መስመር ፈልጎ ነበር፤ መስመሩን ባዶ ያደረግሁለት እኔ ነኝ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁ። ገጹ ላይ አምሳ ስድስት፣ ከሥሩ አራት ባዶ መስመር፣ ከላያቸው የእኔ ቀይ። ቀለሙ ደብዝዟል። አንድ ወረቀት ስቤ «ጉዳዩ፦ ስህተትን ስለማረም» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ ኮንክሪት ሲያፈስ፣ ትልቁን መጋዝ ሲያስር፣ ዴስኩን በመቶ ቁጥር ሲቀበል ታየኝ። በሃምሳ ዓመቱ አንድ ጊዜ «የኔ» ብሎ ግድግዳ ላይ ሚስማር ሲመታ ታየኝ። ለዚህ ልጅ ስል ስንቱን ትቻለሁ፤ ይችን አንዲት ወረቀት ልከልክለው?

ገጹን ገለጥኩ። ሌላው ገጽ ላይ አራቱ አሉ። ፍራሽ ሰፊዋ ያን ጠዋት በሩ ሳይከፈት ነው የደረሰችው፤ ወረቀቷን እንዳይቆሽሽ በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ፕላስቲኩን ደግሞ በሻሽ ጠቅልላ። «ቁጥሬ ይለወጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይለወጥም አልኳት። «ሰው ቢመጣስ? ትልቅ ሰው ቢመጣስ?» አለች። እኔም ተቆጥቼ «እዚህ ቤት አይለወጥም አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ በቁጣዬ ደስ ብሏት ሄደች። አሁን ይህን ማስታወሻ ከጻፍኩ የእሷ አምሳ ሰባት ስልሳ አንድ ይሆናል። ወንድሜን ብቻ ባስገባው እንኳ፣ መስመር የሚከፈት ነገር መሆኑን ያስተማርኩ የመጀመሪያዋ ሰው እሆናለሁ። ዛሬ በእውነት የተከፈተ ነገ በደብዳቤ ይከፈታል፤ ከነገ ወዲያ በስልክ ነው። ያን ጊዜ ሁለት መቶውም ሰው እንደ ወንድሜ መጋዙን በጋሪ ልክ ነው የሚገዛው።

የጀመርኩትን ወረቀት ቀደድኩና ሌላ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «በተጠቀሰው ቀን ገጹን አሥር ደቂቃ ቀድሜ ዘግቻለሁ። በዚህም በሥራ ሰዓት የመጣ አንድ ባለጉዳይ በማግሥቱ ተመዝግቧል። ባለጉዳዩ ወንድሜ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ቅጣቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ የተዘጋው ገጽ እንዳይከፈት አሳስባለሁ።» ቀን፣ ፊርማ። የወጪ ቁጥር ሰጠሁት፣ ቅጂውን ከመዝገቡ ጋር አሰርኩት፤ እንዲህ ከሆነ በኋላ ሊጠፋ አይችልም።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ራስዎን ከሰሱ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እንደ መሰልቸት አድርጎት ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋው። ከሰዓት በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ደንቡ ለራሴ ፋይል እኔው መዝግቤ አስገባሁት።

ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስልሳ ስም፣ እንደ መዝገቡ። ፍራሽ ሰፊዋ እልል አለች። የቀረው ሰው ግን ዝርዝሩን እያየ የሚያወራው ሌላ ነው። አንዱ «ቀይ መስመር ወንድሟን ስልሳ አንደኛ አድርጋዋለች» ሲል፣ ሌላው «ሞኝ ነህ? ይሄ ለዓይን ነው፤ ለሱ ከዚህ የተሻለ ቦታ ተይዞለት ይሆናላ!» አለው። በመስኮቱ ሁሉንም ሰማሁ። ተነስቼ ልናገር ብዬ ነበር፤ ደከመኝ።

በምሳ ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ወንድሜ ግቢ ሄድኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ ነው። ግቢው ግማሹ ባዶ ሆኗል። ሠራተኞቹ ጣውላ ያወጣሉ፤ እሱ ተንበርክኮ የመጋዙን እግር ይፈታል። ዝርዝሩን አይቶታል። ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ምን ይደረግ፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት» አለ።

«አልዘገየህም።»

መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«በሰዓቱ ነው የመጣኸው። እኔ ነኝ ቀድሜ የዘጋሁት።»

«በስንት ደቂቃ?»

«በአሥር።»

«ለምን?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነበር። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ልይዝ ብዬ።»

ወደ መጋዙ ጎንበስ አለና አንድ ብሎን ፈታ። ብሎኑን ጣሳ ውስጥ ጣለው።

«ያዝሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«አውቶቡሱን።»

«ያዝኩት።»

«ተቀምጠሽ ሄድሽ?»

«ተቀምጬ።»

«እሱስ ደግ» አለ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የኃላፊውን ጥያቄ፣ አራቱን መስመር፣ የጻፍኩትን ማስታወሻ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ለእኔም ሌላ ሳጥን ገፋልኝ።

«ከፍተሽው ቢሆን ኖሮ እገባ ነበር» አለ።

«ትገባ ነበር።»

«ፍራሽ ሰፊዋ ትወጣ ነበር።»

«ትወጣ ነበር። ሌሎቹም።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የተረዳኝ መሰለኝና ደፈርኩ። «በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» አልኩት። «ቁጥርህ እዚያው ነው፤ ማንም አይቀድምህም። ወረቀትህን ብቻ በደንብ ያዝ።»

«መቼ ነው የሚቀጥለው ዙር?»

«ሁለት ዓመት ነው የሚሉት። ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ እኮ በአራት ወር ጡረታ ትወጪያለሽ።»

«እኔ ብወጣ መዝገቡ ይቀራል።»

«መዝገቡ ይቀራል» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ይዘጋዋል?»

የምጠራው ስም ፈለግሁ። በሐሳቤ ክፍል በክፍል፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ዞርኩ። ጥሩ ሰዎች አሉ፤ የሚፈሩም አሉ፣ ያልገባቸውም አሉ። ደንቡ ውስጥ ፈለግሁ፤ ደንቡ ውስጥ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሰመርኩት መስመር ስኮራ፣ አንድ ቀን እንኳ ይህ ነገር ይጻፍ፣ ይጽደቅ፣ ከእኔ በኋላም ይኑር ብዬ ወረቀት አላነሳሁም። ቀይ መስመር ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር ለካ።

«እታለሜ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ የገደለኝም እሱ ነው። «እኔ እኮ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት አንቺን ነው። መሥሪያ ቤቱንማ ማን ይጠብቃል?»

አለቀስኩ። ሰው ፊት አላለቅስም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሦስት ሠራተኞች ጣውላ ተሸክመው እያዩኝ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ለቦታው አይደለም ያለቀስኩት፤ ለአሥር ደቂቃውም አይደለም። እድሜዬን ሙሉ ያቆምኩት ነገር ከእኔ ጋር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሊወጣ መሆኑን ገና ያኔ ስላወቅሁ ነው።

ወንድሜ እንድጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ተነሳና የሥራ ጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። «በይ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፤ ልጆቹ እጃቸው ሞልቷል» አለኝ። ጉልበቴ እንደሚያመኝ ያውቃል። ያዝኩለት፣ አነሳነው፣ ከባድ ነበር፤ በሩ ጋ ስንደርስ አንድ ጊዜ አስቀምጠን አረፍን።